ጥናቱ የተሠራው በየትኛው ልጅ ላይ ነው?

ለጤና ጣቢያና ለሥነ ምግብ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬውን ጊዜ ከሞላ ጎደል በአንዲት የዚንክ ክኒን ላይ ላጠፋው ነው።

አንዲት እናት የ14 ወር ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ትመለሳለች። ከትናንት በስቲያ ተቅማጥ ይዞት መጥቶ ኦአርኤስና ዚንክ ታዞለት ነበር። «ሲስተር፣ ይቺን ክኒን በሰጠሁት ቁጥር ያስመልሰዋል። ብተወው ምን ይሆናል?» ትላለች። የተለመደው መልስ «አይ፣ አሥሩን ቀን መጨረስ አለበት፤ መመሪያው ነው» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ጥያቄዋ ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል። እሷ ማወቅ የፈለገችው ክኒኗ ለልጇ ምን ያህል እንደምትጠቅም፣ ብትቀርበት ደግሞ ምን እንደሚያጣ ነው። ይህ በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ነው፣ ቁጥሩም አለ። ቁጥሩ ጋ እንዴት እንደሚደረስ፣ እንዴት እንደሚነበብና ለእናቲቱ ምን ተብሎ እንደሚነገር እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ጥያቄዋን እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ብትጽፉት ማስታወቂያና የሰው አስተያየት ነው የሚዘረገፍላችሁ። ቀድማችሁ በአራት ቁረጡት፦ ማን? ምን ተሰጠው? ከምን ጋር ተነጻጸረ? ምን ተለካ? ለእኛ ልጅ ሲሆን፣ ማን የሚለው ከ6 ወር በላይ ሆኖ አጣዳፊ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ነው። የተሰጠው በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ነው። የሚነጻጸረው ዚንክ ካልወሰደ ልጅ ጋር ነው። የሚለካው ተቅማጡ የቆየበት ሰዓትና ማስመለሱ ነው። አራቱንም ወረቀት ላይ አስፍሯቸው፤ በሐሳብ ይዞ መሄድ አያዋጣም። ስለ 14 ወር ልጅ ብሎ የተነሣ ሰው ርእሱ የሳበውን ሲከተል ስለ ነፍሰ ጡሮች የተሠራ ጥናት ላይ ሲያመሽ ይገኛል።

ከዚያ ፐብሜድ የሚባለውን የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ክፈቱ፤ ክፍያ የለውም። በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ብቻ አስገቡ፦ የመድኃኒቱን፣ የበሽታውንና የታካሚውን። በግራ በኩል ከተደረደሩት ማጣሪያዎች ውስጥ ስልታዊ ግምገማ የሚለውን ምረጡ። ስልታዊ ግምገማ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩትን ሙከራዎች በሙሉ አሥሶ፣ ጥራታቸውን መርምሮ፣ የሚደመረውን ደምሮ የሚያቀርብ ጽሑፍ ነው። ከእነዚህ መካከል የኮክሬን ግምገማ ካገኛችሁ ከእሱ ጀምሩ። ኮክሬን በስኮትላንዳዊው ሐኪም በአርቺ ኮክሬን ስም የተሰየመ፣ በ1993 የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ የየግምገማው ማጠቃለያ ለማንም ክፍት ነው። ሙሉ ጽሑፉ በገንዘብ ከተዘጋ፣ ሂናሪ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት ተመዝጋቢ ለሆኑ ተቋማት ይከፍተዋል፤ የይለፍ ቃሉን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን ጠይቁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምናን ሥራዬ ብሎ የያዘ ማእከል አለ።

አሁን ወደ ክኒኗ። በ2016 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ 33 ሙከራዎችንና 10,841 ልጆችን አካቷል። ከ6 ወር በላይ በሆኑት ልጆች ዚንክ ተቅማጡን በአማካይ በ11 ሰዓት ተኩል ያህል አሳጠረው። ከቁጥሩ ጎን በቅንፍ የተቀመጠውን አትዝለሉት፤ ከ3 ሰዓት እስከ 20 ሰዓት ገደማ ይላል። ይህ የእርግጠኝነት ክልል የሚባለው ነው። እውነተኛው ልዩነት ወደ 3 ሰዓት ዝቅ ሊል፣ 20 ሰዓትም ሊደርስ ይችላል፤ ሁለቱም ጫፎች ግን ወደ ማሳጠር ነው የሚያዩት። የምግብ እጥረት ምልክት የታየባቸውን ልጆች ለይተው ሲያዩ ደግሞ ማሳጠሩ ወደ 26 ሰዓት ከፍ አለ፤ ክልሉ ከ16 እስከ 36 ሰዓት ተኩል ነው። ከ6 ወር በታች የሆኑትስ? አማካዩ እንዲያውም በ5 ሰዓት ረዘመ፣ ክልሉ ግን በ4 ሰዓት ከማሳጠር እስከ 14 ሰዓት ተኩል ከማስረዘም ተዘርግቷል። ዜሮን በመካከሉ አቅፎ የያዘ ክልል «ይጠቅማልም ይጎዳልም ብሎ መናገር አይቻልም» ማለት ነው። ይህን አይቶ «ዚንክ ሕፃናትን ይጎዳል» ብሎ የሚወጣ አንባቢ አለ፤ ጥናቱ እንዲያ አላለም።

ያው አንድ ክኒን፣ ሦስት ዓይነት ልጅ፣ ሦስት መልስ። «ዚንክ ለተቅማጥ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የሌለው ለዚህ ነው። ግምገማው ራሱ ያስገባው አንድ ማሳሰቢያም አለ፦ አብዛኞቹ ሙከራዎች የተሠሩት የዚንክ እጥረት በተስፋፋባቸው የእስያ አገሮች ነው። እዚህ ይሠራል ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ የልጁን ሳህን ተመልከቱ። እህልና ጥራጥሬ በበዛበት ገበታ ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ዚንክን አስሮ ይይዛል፣ ሥጋና ወተት ደግሞ ለብዙው ቤት ሩቅ ነው። የአብዛኛው የገጠር ልጃችን ሁኔታ ከእነዚያ ልጆች ጋር ይቀራረባል። በየቀኑ እንቁላልና ሥጋ የሚያገኝ ልጅ ላይ ግን የ11 ሰዓቱን ቁጥር በዚያው ልብ ሙሉነት አልጠራውም።

«ማን?» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ከዚንክ ወጣ እንበል። በ2011 ውጤቱ የታተመው ፊስት የተባለ ሙከራ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች 3,141 ልጆችን አሳትፏል። ትኩሳት ኖሯቸው የደም ዝውውራቸው ተዳክሞ የመጡ ልጆች ናቸው። ለእንዲህ ያለ ልጅ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ከመጻሕፍት የተማርነው ነገር ነው፤ ሲያስቡትም ልክ ይመስላል። ልጆቹ በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ለአንዱ ቡድን አልቡሚን የተባለው የፕሮቲን ፈሳሽ፣ ለሌላው ሳላይን የተባለው የጨው ውኃ በፍጥነት ተሰጠ፤ ሦስተኛው ፈጣኑን ፈሳሽ ሳያገኝ ሌላው ሕክምና ቀጠለለት። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹን ካገኙት ሁለት ቡድኖች 10.6 እና 10.5 በመቶ ሞቱ፣ ካላገኙት 7.3 በመቶ። ሙከራው ከታቀደው ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ልዩነቱ 3.3 ገደማ ነው፤ 100ን ለ3.3 ስታካፍሉ 30 ይመጣል። ሠላሳ ልጅ ፈሳሹን በፍጥነት ሲወስድ አንድ ተጨማሪ ሞት አለ ማለት ነው።

ይህን በወሬ የሰማ ሰው «ፈሳሽ ይገድላል» ብሎ ይይዘዋል። ወደ ዘዴው ክፍል ወርዶ ግን ማን እንዳልገባ ያላነበበ ሰው አደገኛ ነው። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸው ልጆችና ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች ከፊስት ውጭ ተደርገዋል። ስለዚህ በተቅማጥ በጣም ደርቆ የመጣ፣ ዓመት ያለፈውና 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ዛሬም በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ነው የሚገባው፦ 240 ሚሊ ሊትሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ የቀረው 560 በሁለት ሰዓት ተኩል። ፊስትን ጠቅሶ የዚህን ልጅ ጠብታ ያዘገየ ሰው ማስረጃ ተጠቀምኩ ቢልም የተጠቀመው በሌላ ልጅ ማስረጃ ነው። በአንጻሩ ልጁ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ካለበት ይህ ሥሌትም አይሆነውም፤ ልቡ የሚሸከመው ፈሳሽ ውስን ስለሆነ ንቃቱ ካልተዛባ በአፉ ሪሶማል (ለእንዲህ ያለ ልጅ የተዘጋጀ የኦአርኤስ ዓይነት)፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየ30 ደቂቃው በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ነው የሚሰጠው። እነማን እንዳልተካተቱ የሚነግሯችሁ ሁለት ሦስት መስመሮች ናቸው፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሰው ሁሉ ዘሎ የሚያልፋቸው። ከሱ ቀጥሎ ሠንጠረዥ 1ን እዩ፤ የልጆቹ ዕድሜ፣ ክብደትና የምግብ ሁኔታ እዚያ ነው ያለው። መደምደሚያውን መጨረሻ ላይ አንብቡት።

«ምን ተለካ?» ለሚለው ደግሞ ከጤፍ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጤፍ ብረት ይበዛበታል፣ የሚበላውም ደም አያንሰውም ሲባል ያልሰማ የለም። ላብራቶሪ ውስጥ የተለካው የብረት መጠን እውነትም ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከጥናት ጥናት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አውድማ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይስተውም። ጤፍ መሬት ላይ ተበትኖ በበሬ ኮቴ ይወቃል፤ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ብረት ያለበት አፈር አብሮት ይሰፈራል። ናሙናው ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ይወርዳል። ከአፈር የመጣው ብረት ደግሞ አንጀት ውስጥ እምብዛም አይመጠጥም። የእህሉን የራሱን ብረትም ፋይቴት ይይዘዋል፤ ሊጡ ሲቦካ ከፊሉ ይፈርሳል፣ በደንብ ያልቦካ እንጀራ ላይ ግን ይህም አይገኝም። እንግዲህ «በ100 ግራም ይህን ያህል ሚሊ ግራም» የሚል ጥናት ስለ ዱቄቱ ነው የተናገረው። ስለ ሰው ደም ለመናገር የሰው ሄሞግሎቢን መለካት ነበረበት። ሁለቱን ያምታታ ባለሙያ ደም ያነሳትን ነፍሰ ጡር «እንጀራሽን ብዪ» ብሎ ይሸኛታል፣ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒኗ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ።

ወደ ልጃችን ማስመለስ እንመለስ። ቀድሞ ያየነው ግምገማ ከ6 ወር በላይ በሆኑ ልጆች ዚንክ የማስመለስን ዕድል 1.57 እጥፍ እንደሚያደርገው አስልቷል። እናቲቱ ያየችው ነገር እውነት ነው ማለት ነው። «ግድየለም፣ ከበሽታው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

በ2020 የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ ይህን ቀረብ ብሎ አይቶታል። በሕንድና በታንዛኒያ ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ 4,500 ልጆች በዕጣ በቀን 20፣ 10 ወይም 5 ሚሊ ግራም ዚንክ ለ14 ቀን ወሰዱ። መድኃኒቱን በወሰዱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያስመለሳቸው ከ20ዎቹ 19.3 በመቶ፣ ከ10ሮቹ 15.6፣ ከ5ቶቹ 13.7 በመቶ ናቸው። አሁን ይህንኑ ቁጥር በሁለት ቋንቋ ልናገረው። አንደኛ፦ «አነስተኛው መጠን ማስመለስን በ29 በመቶ ቀነሰ»። ሁለተኛ፦ «ከ100 ልጆች ከማስመለስ የዳኑት 5 ወይም 6 ናቸው»። ሁለቱም ሐሰት የለባቸውም። የመጀመሪያው 13.7ን ለ19.3 አካፍሎ የተገኘ ነው፣ ሁለተኛው አንዱን ከሌላው ቀንሶ። መድኃኒት ሻጭ የመጀመሪያውን ይወዳል፤ ጉዳትን በተመለከተ ደግሞ ሁለተኛውን ያወጣል። በብሮሹር ላይ «በግማሽ ቀነሰ» የሚል ስታዩ «ከስንት ወደ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ100 ልጅ 40ው ወደ 20 መውረዱም፣ ከ1,000 ልጅ 2ቱ ወደ 1 መውረዱም «በግማሽ» ይባላል።

የዚሁ ሙከራ ሌላው ጥያቄ አነስተኛው መጠን ተቅማጡ ላይ አቅም ያንሰው እንደሆነ ነበር። አጥኚዎቹ ሥራውን ሳይጀምሩ መስመር አሰመሩ፦ ልዩነቱ ከ4 በመቶ ነጥብ ካላለፈ «አይብስም» እንላለን አሉ። ከ5 ቀን በላይ ተቅማጥ የቆየባቸው 20 ከወሰዱት 6.5 በመቶ፣ 10 ከወሰዱት 7.7 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ 1.2 ነው፣ የክልሉ የላይ ጫፍ 3.3። ከ4 በታች ነው፣ መስመሩን አላለፈም። መስመሩ ከውጤቱ በፊት መሰመሩ ነው ቁም ነገሩ፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የተሰመረ መስመር ዒላማውን ጥይቱ ያረፈበት ቦታ ሄዶ እንደ መሳል ነው።

ታዲያ ነገ ጠዋት ክኒኗን ለሁለት እየገመሳችሁ ስጡ ልበል? አልልም። መጠን የሚለወጠው በአንድ ተረኛ ክፍል አይደለም። አንዱ ባለሙያ ሙሉ፣ ጎረቤቱ ግማሽ ሲሰጥ እናቶች እርስ በርስ ተነጋግረው ሁለቱንም ማመን ያቆማሉ፤ የመድኃኒት ጥያቄውም ይዛባል። እንዲህ ያለው ማስረጃ ወደ መመሪያ አዘጋጆቹ ነው የሚሄደው፣ እስከዚያው በእጃችሁ ያለው ብሔራዊ መመሪያ ይሠራል። ግሬድ የሚባለው አሠራርም ለዚህ ይረዳል። ማስረጃን ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛና በጣም ዝቅተኛ ብሎ በአራት ይመድባል። የ11 ሰዓት ተኩሉ ማሳጠር ዝቅተኛ የሚል ደረጃ ነው የተሰጠው፣ የምግብ እጥረት ባለባቸው ላይ የታየው 26 ሰዓት ግን ከፍተኛ። ብዙ ልጅ ያሳተፈው ሁልጊዜ ከፍተኛውን ደረጃ እንደማያገኝ ልብ በሉ፤ ከ6 ወር በላይ ባሉት 2,581 ልጆች ነበሩ፣ በእነዚህኞቹ 419 ብቻ። የሙከራዎቹ ውጤት እርስ በርሱ ሲጣላ ቁጥር ብቻውን አያድንም።

ዝቅተኛ ማለት ግን ዋጋ ቢስ ማለት እንዳልሆነ ከራሳችን አገር ማየት ይቻላል። በ2000 በደቡብ ኢትዮጵያ 170 ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች ሆስፒታል ሳይተኙ፣ ለመብላት የተዘጋጀ አልሚ ምግብ እየተሰጣቸው ከቤታቸው ታከሙ። ውጤቱ በ2002 ታተመ። ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፣ ዕጣም አልወጣም፤ በደረጃ ምደባው ታች ነው የሚውለው። ሆኖም ሪፖርቱን እዩት፦ 144 ዳኑ፣ 7 ሞቱ፣ 11 ወደ ሌላ ተላኩ፣ 8 አቋረጡ። ደምሩት፣ 170 ይመጣል፤ ከሪፖርቱ የተዘለለ ልጅ የለም። ሞቱ 4 በመቶ ነው፣ ያኔ በየማእከሉ ልጆቹን አስተኝቶ ማከም ደግሞ መጨናነቅና ተላላፊ በሽታ ይዞ ይመጣ ነበር። ይህ ጽሑፍ ብቻውን «ከሆስፒታል ይሻላል» የሚል ፍርድ አይሰጥም፤ «ይቻላል» የሚለውን ግን አሳይቷል። በማላዊና በሌላም ቦታ ማነጻጸሪያ ያላቸው ጥናቶች ተከተሉ፤ በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በጋራ መግለጫ አሠራሩን ደገፉት። ዛሬ ጤና ኬላ ላይ ክንድ ለክቶ ፕላምፒነት የሚባለውን አልሚ ምግብ መስጠት የተለመደ ሥራ ሆኗል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር፦ ፕላምፒነቱ ውስጥ ዚንክ አለ። ፕላምፒነት እየወሰደ ያለ ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው «የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ በዚንክ ይበልጥ ይጠቀማል» የሚለውን ቁጥር ይዛችሁ ክኒን አትደርቡበት፤ ድርሻውን ከምግቡ አግኝቷል።

እናቲቱ አሁንም ቆማ እየጠበቀች ነው። እንዲህ ልትባል ትችላለች፦ «እህቴ፣ ክኒኗን ከወሰዱ አምስት ልጆች አንዱን ያህል ያስመልሰዋል፣ ያንቺም ልጅ ከነሱ ሆኖ ነው፤ መርዝ ሆናበት አይደለም። ብትሰጪው ተቅማጡ በአማካይ ግማሽ ቀን ያህል ቀድሞ ይቆማል። በማንኪያ ላይ በንጹሕ ውኃ ወይም በጡትሽ ወተት አሟሚያት፣ በብርጭቆ ሙሉ ውኃ አትበጥብጫት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰው ሌላ ስጪው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሆነ የዛሬዋ ወርዳለች፣ ነገ ቀጥዪ።» ከዚያ ኦአርኤሱን እንዴት እንደበጠበጠች ጠይቋት፣ ችግሩ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ነውና። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ነው፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ። ውኃ ያነሰበት ኦአርኤስ ጨው ይበዛበታል፣ ልጁም ይተፋዋል። በማንኪያ በየአንድ ሁለት ደቂቃው ይሰጠው፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሦ ቀስ ብሎ መቀጠል። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየው ይደፋ። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ክኒኑም እንደሚቆም ይታሰባል፤ አሥሩ ቀን የታዘዘው ቀጣዩንም ጊዜ በማሰብ እንደሆነ ካልተነገራት የተረፈው ለታናሽ ወንድሙ ይቀመጣል።

አንድ ሥራ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ከአምስት ዓመት በታች ሕሙማን መዝገብ ላይ ተቅማጥ የተጻፈባቸውን የመጨረሻዎቹን 30 ልጆች ቁጠሩ። በአራት ዓምድ አስፍሩ፦ ዚንክ ታዟል ወይ፣ መጠኑ ከዕድሜው ጋር ይሄዳል ወይ፣ ስንት ቀን ተብሎ ተጻፈ፣ ፕላምፒነት ላይ ያለ ልጅ ነበር ወይ። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የሚገኘው ሦስተኛው ዓምድ ነው። ባዶ ከሆነ ሌላ ጥናት አታሥሱ፤ ከነገ ጀምሮ «10 ቀን» ብላችሁ ጻፉ፣ ከወር በኋላ ሌላ 30 ልጅ ቁጠሩና ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።